ልቧን ማን አስሮጣት?

ወላሂ ይህ ታሪክ እውነት ነው። ከዋሸሁ ነፋስ የምሞላው ጎማ ሁሉ ፊቴ ላይ ይፈንዳ። አሰላ ውስጥ «ከዲሮ ጎሚስታ ሲያወራ ግማሹን ጣሉለት» የሚሉ ሰዎች አሉ። አውቃቸዋለሁ፤ ጎማቸውን ይዘው ሲመጡም ትንሽ ነፋስ አጎድልባቸዋለሁ። አልክድም፣ የኦጎልቾ ጅብ የላንድሮቨር ጎማ ከዋጠ ወዲህ ሲተነፍስ ያፏጫል ብዬ አውርቻለሁ። ያ ለጨዋታ ነው። ይሄኛውን ግን ያየሁትን በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ያላየሁትን ደግሞ ከሁለቱ ባለታሪኮች አፍ ሰምቼዋለሁ። ትምህርቴ ከአምስተኛ ክፍል አላለፈምና፣ አንባቢዬ ሆይ፣ አጻጻፌ ቢጎረብጥሽ እንደ ኢተያ መንገድ ቆጥረሽ እለፊው።

ዘመኑ የደርግ ነው፣ ሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት።

ወደ ኢተያ ስትወጪ ግራና ቀኝ ዓይን እስኪደክም የሚታየው ስንዴ በንጉሡ ጊዜ የአቶ ሣህሌ ነበር። አብዮቱ መጣና መሬቱን ወሰደው። ለአቶ ሣህሌ የቀራቸው አንድ ግቢ፣ አንድ ከዘራና አንዲት ሴት ልጅ ነው። ሦስቱንም ማንም እንዲነካባቸው አይፈልጉም። ልጅቷ ተናኘወርቅ ትባላለች።

ጉደታ የእኔ ጓደኛ ነው። አባቱ ቱፋ የአቶ ሣህሌ ጭሰኛ ነበር፤ ጌታው በበቅሎ ሲያልፉ ከመንገድ ወርዶ ጭቃው ውስጥ እጅ የሚነሳ ሰው። ልጁ ግን የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ሆነ። ያ ሁሉ የአቶ ሣህሌ መሬት አሁን በጉደታ ማረሻ ይገለበጣል። አቶ ሣህሌ ትራክተር ሲያልፍ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ልጃቸው ግን መስኮት ትከፍታለች።

ነገሩ የተጀመረው በመሠረተ ትምህርት ነው። የዘመቻው አዲስ ዙር ሲታወጅ ተናኘ ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አስተማሪ ሆነች፤ ጉደታ ከፊት ወንበር ተማሪ ሆነ። እጁ ትልቁን መሪ እንጂ እርሳስ አልለመደም። የመጀመሪያውን እርሳስ ሲይዘው ሰበረው፤ ሁለተኛው ሳይነካው በፍርሃት ተሰበረ። ፊደል ከመለየቱ በፊት በጣቶቿ ላይ ያለውን ጠመኔ ለየ።

«መምህርት፣ ይህችን ፊደል አንዴ ይድገሙልኝ» ይላታል።

«የትኛዋን?»

«የትኛዋም ትሁን። ብቻ እርስዎ ይበሉልኝ።»

ክፍሉ ይስቃል። እሷም ትስቅና በአንገቷ ላይ የጠመጠመችውን ሻርፕ ታስተካክላለች። የካቲት ሳይጋመስ «እርስዎ» ቀርቶ «አንቺ» ሆነ። መቼ እንደሆነ ሁለቱም አላስተዋሉትም፤ እኔ ግን አስተውያለሁ፤ ምክንያቱም ጉደታ ያን ቀን ጎማ ሊያስለጥፍ መጥቶ ጎማውን ሳያመጣ ነው የመጣው።

ያ ሻርፕ ግን ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። ፀሐይም ቢሆን፣ ዝናብም ቢሆን። ጉደታ ጨዋነት መሰለው። እኔም መሰለኝ።

እውነቱ ይህ ነው። ተናኘ እንቅርት ነበረባት። አዲስ አበባ ሄዳ ተቀድዳ ወጣላት። ጎረቤት ግን የአክስቷን ልጅ ልትድር ሄደች ነው የተባለው። እርግጥ በእኛ ደጋ እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ ገበያ ብትወጪ ያላየሽው አንገት የለም። የትልቅ ሰው ልጅ ስትሆን ግን ይደበቃል። እናቷ ወይዘሮ አሰፋች «በሽተኛ ናት ከተባለች ማን ቤቴን ይረግጣል?» ብለው ጠባሳውን በሻርፕ፣ ኪኒኑን በባዶ የቫዝሊን ብልቃጥ ሸሸጉት። ኪኒኑ የዕድሜ ልክ ነው። የአዲስ አበባው ሐኪም «የወጣው እጢ ይሠራልሽ የነበረውን ሥራ ከእንግዲህ ይህ ይሠራልሻል። በየቀኑ ጠዋት፣ በባዶ ሆድ፣ በውሃ» ብሏታል። እሷም አሰላ ሐኪም ዘንድ እየታየች ትወስድ ነበር።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።

እኔ እስላም ነኝ፤ በክርስቲያን ጾም አልገባም። ግን ተናኘ ራሷ እንደነገረችኝ የዚያ ቤት ጾም ጥብቅ ነው። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ጠብታ ውሃ በጉሮሮ አያልፍም።

«እማዬ፣ ኪኒኑ የታዘዘው በጠዋት ነው፤ ያለ ውሃ ደግሞ አይወርድልኝም» አለች ተናኘ።

«በሁዳዴ? በጠዋት ውሃ?»

«አባ ወልደአማኑኤልን ልጠይቃቸው። የንስሐ አባታችን አይደሉ? ይፈቅዱልኛል።»

«ምን ብለሽ ልትጠይቂ ነው? አንገቴን ተቀድጄ ነበር ብለሽ?»

«አባ ለማን ይናገራሉ?»

«አይናገሩም። ግን ያውቃሉ። ማወቃቸው አይበቃም?» አሉና ብልቃጡን ትራሳቸው ሥር መለሱት። «ፋሲካ እስኪደርስ ተይው፣ የእኔ ልጅ። እግዜር ራሱ ይጠብቅሻል።»

ተናኘ ተወችው። ተደብድባ አይደለም፤ ተቆጥተዋትም አይደለም። አባ ፊት ቆማ «እንቅርት» የሚለውን ቃል ከአፏ ማውጣት ስለከበዳት ነው።

ጾሙ ሲጋመስ ልጅቷ ሌላ ሰው ሆነች። ፊቷ አበጠ፣ ድምፅዋ ሻከረ፣ ብርድ ይዟት ጋቢ ላይ ጋቢ ደረበች። ሰሌዳው ፊት ቆማ የምትጽፈውን ትረሳለች። ጉደታ ሲያያት በሩቅ እንዳለ ዛፍ ታየዋለች።

«ከዲሮ፣ ንቃኛለች» አለኝ አንድ ቀን፣ ጎማ ላይ ቁጭ ብሎ።

«ማን ነገረህ?»

«ትናንት "ምን ሆንሽ?" ብላት መልሱ ዛሬ ነው የደረሰኝ።»

«ምን ብላ?»

«"ምንም" ብላ። ለ"ምንም" ይህን ያህል ይታሰባል? የጭሰኛ ልጅ መሆኔ ትዝ ብሏት ነው።»

ቀልድ ልነግረው አልኩና ፊቱን አይቼ የጎማ መፍቻዬን አነሳሁ።

ለሆሳዕና ጥቂት ሲቀር የምትታይበት ቀን ደረሰና ከእናቷ ጋር ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ የእጇን ትርታ ይዞ ብዙ ቆየ።

«ልብሽ በጣም ቀስ ብሏል። ኪኒኑን በየቀኑ ትወስጃለሽ?»

ተናኘ እናቷን አየች። ወይዘሮ አሰፋች ግድግዳውን አዩ።

«አዎ ዶክተር። በየቀኑ።»

እሱ ምን ያድርግ? ሰው በአፉ የነገረውን አምኖ «እንግዲያው መጠኑ አንሶሻል ማለት ነው» አለና ጨመረላት። «ልብሽ የሚሮጥ፣ ምት የሚዘል ከመሰለሽ ግን ቀን ሳትቆጥሪ ነይ» ብሎ አስጠነቀቃት። «በርቺ የእኔ እህት» ብሎም እስከ በር ሸኛት። ተናኘ ኮሪደሩ ላይ ቆመች። ተመልሳ ልትነግረው አሰበች። መዋሸቷ አይደለም እግሯን የያዛት፤ እሱ ያለ ጥርጥር ማመኑ ነው። የሚያምናትን ሰው ፊት ደግማ ማየት አልቻለችም።

ፋሲካ ሆነ። ተናኘ አዲሱን መጠን በየጠዋቱ ትውጥ ጀመር፤ አንድም ቀን ሳታጎድል፣ የሁዳዴውን እንደምትክስ ሁሉ።

ሚያዝያ አልቆ ግንቦት ሲጋመስ እብጠቱ ጠፋ፣ ድምፅዋ ጠራ፣ ዓይኗ በራ። እዚህ ድረስ ደግ ነው። ግን በዚያው አልቆመም። የአሰላን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ዶሮ ሲጮህ ድምፁ አየር ላይ ረግቶ ፀሐይ ሲሞቀው ነው የሚሰማው። በዚህ ብርድ ተናኘ ነጠላዋን ጥላ ላብ ትጠርጋለች። ጣቶቿ ይንቀጠቀጣሉ፣ ጠመኔው ሰሌዳው ላይ ይደንሳል። ልቧማ ተይው።

ከአዳራሹ ጀርባ፣ ባሕር ዛፎቹ ሥር፣ ጉደታ መጀመሪያ እጇን የያዛት ያን ሰሞን ነው። አውራ ጣቱ የደም ሥሯ ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አላት ደንግጦ።

«ልቤ ነው።»

«ምነው እንዲህ ጋለበ?»

«አንተ ንገረኝ።»

ጉደታ እጇን አልለቀቀም። እንደ ጨቅላ ልጅ ፈገግ አለ። ያን ሁሉ ሁዳዴ በብርድ የቆየ ሰው እሳት አገኘ። እሷም አልዋሸችውም፤ እሱ ፊት ልቧ ይጋልባል። እሱ በሌለበትም፣ ጎህ ሲቀድ አልጋዋ ላይ ይጋልባል፤ ያን ጊዜ ደግሞ «በሐሳቤ መጥቶ ነው» ትላለች። የሐኪሙ ማስጠንቀቂያ ጠፍቷት አይደለም። ግን ሐኪሙ ጋ ከሄደች የሁዳዴው ውሸት መነሳቱ ነው። «ፍቅር ያዘኝ» ማለት «ዋሽቼህ ነበር» ከማለት ይቀላል።

ጉደታ ደግሞ ደስታ አይችልም። ጎሚስታ ቤቴ በር ላይ ሹፌር ሁሉ በተሰበሰበበት «የእኔ ልጅ ልቧ እኔን ሲያይ እንደ ማሴ ፈርጉሰን ትራክተር ነው የሚመታው!» አለ። እኔም ዝም አላልኩም፤ ሁሩታ ድረስ ተሰምቶ ሰዉ ወፍጮ ቤት የተከፈተ መስሎት እህል ተሸክሞ ወጣ ብዬ ጨመርኩበት። ከዚያ ወዲያ በአሰላ የተናኘን ልብ የማያውቅ ሰው ቢኖር በዚያ ሳምንት የተወለደ ነው።

በግንቦት መጨረሻ፣ በአንድ እሑድ፣ ሽማግሌ ላከ። አንዱ አጎቱ፣ አንዱ የሰፈር አዛውንት፣ ሦስተኛው እኔ። እኔ ለሽምግልና አልደርስም፤ ግን ሰው ጠፋ። የአቶ ሣህሌን ደጅ ለጭሰኛ ልጅ ብሎ የሚረግጥ ከየት ይምጣ? ካፖርት ተዋስኩ፣ ጸጉሬ ላይ ዱቄት ነሰነስኩ። ጉደታ ትራክተሩን ከነተሳቢው መንገድ ዳር አቁሞ መልሱን ይጠብቃል። ትራክተሩን በእሑድ ማውጣት ክልክል ነው፤ እሱ ግን በእግሩ መምጣት ከብዶታል። አባቱ በእግሩ ነበር የሚመጣው።

ግቢው ውስጥ ቆምን። ተቀመጡ ቢባልም እንደ ወጉ አልተቀመጥንም።

«ማን ልኳችሁ ነው?» አሉ አቶ ሣህሌ።

«የቱፋ ልጅ፣ ጉደታ» አሉ አጎትየው።

አቶ ሣህሌ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተ ከዲሮ አይደለህም? መቼ ሸበትክ?» አሉኝ።

«በዚህ ሳምንት ነው አባባ። ሐሳብ።»

«ጎበዝ፣ መሬቴን ወሰዳችሁ። እሺ። ማዕረጌን ወሰዳችሁ። እሺ። አሁን ሽማግሌ ነን ብላችሁ በዱቄት ትጫወቱብኛላችሁ?» ድምፃቸው አልጮኸም፤ ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ካፖርቱ ውስጥ ተሸበሸብኩ። «ቱፋ እዚህ በር ላይ ቆሞ ነው ያረጀው። ልጁ በዚህ በር በአማችነት ሊገባ?»

ያን ጊዜ ተናኘ ሳትጠራ ከጓዳ ወጣች።

«አባዬ፣ ላክ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ አሰፋች አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ተናኘ ደግማ ልትናገር ትንፋሿን ሳበች። ፊቷ በላብ ረጥቧል። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ አንድ ነገር ለመስማት እንደምትሞክር ጭንቅላቷን አዘነበለች፣ ከዚያ በጉልበቷ ወረደች።

«ኪኒኑ ነው! ገደላት!» ብለው ጮኹ እናቷ። ያ ቃል ከዚያ ቤት ግድግዳ ውጭ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው።

መኪና የለም። ያለው ትራክተር ነው። ጉደታ ጩኸቱን ሰምቶ በሩን ሳያንኳኳ ገባ፣ ልጅቷን እንደ ሕፃን አቀፋት፣ ተሳቢው ላይ አስተኛት።

«አባባ፣ ይውጡ! ራሷን ይያዙላት!»

አቶ ሣህሌም ወጡ፤ እኔም ከኋላ ተንጠለጠልኩ። ያ ኩሩ ሰውዬ ከነከዘራቸው ማዳበሪያ የተጫነበት ተሳቢ ላይ ተንበርክከው የልጃቸውን ራስ ያዙ። ትራክተሩ ያን ቀን የአዳማን አውቶቡስ ቀድሞ አለፈ፤ ሹፌሩ እስከ ዛሬ ሲነሳበት ይናደዳል። ከተማው ሁሉ በር ላይ ወጥቶ አየ። አቶ ሣህሌ እንዳይታዩ ፊታቸውን ልጃቸው ላይ ደፉ። ሆስፒታል በር ስንደርስ ከተሳቢው ወርደው «እግዜር ይስጥህ» አሉ፤ ግን ዓይናቸው ጎማው ላይ ነበር፣ ለጎማው እንደሚናገሩ ሁሉ።

ሐኪሙ ማዳመጫውን ደረቷ ላይ አድርጎ ግንባሩን አኮማተረ። «አንዴ ይጋልባል፣ አንዴ ምት ይዘላል» አለ። መርፌ ተወጋች፣ ትንሽ ረጋ አለች። ከዚያ ቁጭ ብሎ ቀስ ብሎ ጠየቃት።

«ያን ጊዜ፣ በሁዳዴ፣ በእውነት ትወስጂ ነበር?»

አባቷ ቆመዋል። ጉደታ በሩ ላይ ነው። እኔ ከኋላው ነኝ፣ ዱቄቱ በላብ ቦክቶ ግንባሬ ላይ ይወርዳል።

«አልወሰድኩም።»

«ታዲያ ለምን ወስጃለሁ አልሽኝ?»

«አፍሬ።»

ሐኪሙ አልተቆጣትም። «እኔ ደግሞ በቃልሽ ላይ ጨመርኩ» አለ። «በይ አትፍሪ። የሮጠው በመድኃኒቱ ነው እንጂ ልብሽ ራሱ ጤነኛ ነው። ለጊዜው እናቆመዋለን፣ ከዚያ በትንሹ ጀምረን እያየን እናስተካክለዋለን። ይረጋል።»

«በመድኃኒቱ ነው» ሲል የጉደታ ትከሻ ሲወርድ በዓይኔ አየሁ። ጎማ ሲተነፍስ አይቼ አውቃለሁ፤ ሰው ሲተነፍስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ተናኘ ቀና ብላ አየችው። ሻርፗ ወልቋል፣ ጠባሳው ተገልጧል። በድንጋጤ አንሶላውን እስከ አገጯ ሳበችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ጠባሳዋን ነው የሸሸገችው። ጉደታ ግን «አትምጣብኝ» ያለችው መሰለው። ዞሮ ወጣ፤ ኮሪደሩ ሁሉ እሱን ብቻ የሚያይ ይመስል ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ።

አሁን ደግሞ የወይዘሮ አሰፋችን ነገር ስሚ። ያን ሁሉ ጊዜ በሽታውን በቫዝሊን ብልቃጥ የሸሸጉ ሴት፣ ልጃቸው በጭሰኛ ልጅ ፍቅር ወደቀች ከሚባል ሁሉን ማውጣት መረጡ። በለቅሶ ቤት፣ በማኅበር፣ በገበያ «ልጄ ማንንም አልወደደችም፤ የኪኒን ብዛት ነው ልቧን ያስሮጠው፣ ሐኪሙ ራሱ ተናግሯል» አሉ። ወሬው ከእኔ ወሬ ፈጠነ። ሹፌሮች ጉደታን ሲያዩ ደረታቸውን እየደበደቡ «ማሴ ፈርጉሰን! ልቧን ማን አስሮጣት፣ አንተ ወይስ ኪኒኑ?» ይሉት ጀመር። ያወራሁት ነገር ሁሉ እሱ ላይ ተመለሰበት። ጎሚስታ ቤቴ መምጣት ተወ። በእኔ በኩል አንድ ወረቀት ብቻ ላከላት፤ እሷ ባስተማረችው ፊደል፣ «ልብሽ እንኳን ረጋልሽ። ከእንግዲህ አላስቸግርሽም» ይላል። ተናኘ አነበበችው፣ ወረቀቱንም አጥፋ ሻርፗ ውስጥ ከተተችው። እኔም መልስ ሳልይዝ ወደ ጎማዎቼ ተመለስኩ።

ልቧስ? ረጋ። መኖሩን እስክትረሳው ድረስ ረጋ። እሷ ግን ፈራች። ጉደታን እያሰበች እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች፤ ልቧ ቀስ ብሎ ይመታል፣ አይጋልብም። «ታዲያ ያ ሁሉ ኪኒን ነበር?» ትላለች። ላልወደደችው ሰው «ልቤ ጋለበልህ» ብላ፣ ሽማግሌ አስልካ፣ በከተማ አስቃበት ከሆነስ? ከዚህ የከፋ ውሸት የት አለ?

የሰኔው ጾም ሲገባ ብቻዋን አባ ወልደአማኑኤል ዘንድ ሄዳ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ልጄ» አሏት፣ «መድኃኒት ጾም አይሽርም። ይህን ለመጠየቅ ነው ይህን ያህል የተንከራተትሽው?»

እያለቀሰች ተመለሰች። የአንድ ደቂቃ ጥያቄ ነበር።

በመንገዷ ላይ አንድ ትራክተር አለፈ። የጉደታ አልነበረም። እሷ ግን ቆማ እስኪሰወር አየችው። ከዚያ ወዲያ ራሷን መታዘብ ጀመረች። ሞተር በተሰማ ቁጥር ልቧ ባለበት ይቆያል፤ እግሯ ግን ይነሳል፣ እጇ መስኮት ይከፍታል። ማንም ሳያስሮጣት፣ በራሷ እርምጃ። ያን ጊዜ ነው በእውነት መውደዷ የገባት።

ሐምሌ ላይ እርሻው ጉደታን ለግለ ሂስ ጠራው። የሕዝብ ትራክተር በእሑድ ለግል ጉዳይ አውጥቷል ተብሎ ሠራተኛው ሁሉ በዚያው ቀበሌ አዳራሽ ተሰበሰበ። ጎሚስታም ሠራተኛ ነው ብዬ እኔም ገባሁ። ውጭ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድባል። መድረኩ ላይ ጓድ ግዛቸው፣ ሊቀመንበሩ፣ ተቀምጠዋል።

«ጓድ ጉደታ፣ ጥፋትህን ለጓዶችህ ተናገር።»

«አጥፍቻለሁ ጓድ ሊቀመንበር። ትራክተሩን ያለ ፈቃድ አውጥቻለሁ።»

«ለምን?»

ጉደታ የእጁን ናፍጣ ይፈትጋል።

«ለምን ነው ያልኩህ?»

«ሽማግሌ ልኬ ነበር። ኋላ ሰው ታመመብኝ።»

«ምን ታመመ?»

ከኋላ አንድ ሹፌር «ልብ ነዋ!» አለና ደረቱን ደበደበ። «ጓድ ጉደታ፣ እስቲ ግለ ሂስህን አውጣ፤ ልቧን ማን አስሮጣት፣ አንተ ወይስ ኪኒኑ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሊቀመንበሩ እንኳ ከንፈራቸውን ነከሱ። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ አፌ ላይ ሳቅ መጥቶብኛል። ጉደታ አንገቱን ደፋ። ያ ትከሻው ሰፊ ሰው ፊደል የቆጠረበትን የፊት ወንበር በእጁ ያዘ።

«ኪኒኑ ነው» አለ። «እኔ አይደለሁም። ኪኒኑ ነው።»

«እኔም ግለ ሂስ አለኝ!»

ሁሉም ዞረ። ተናኘወርቅ በሩ ላይ ቆማለች፣ ነጠላዋ በዝናብ ርሷል። ከኋላዋ ደጃፉ ላይ አቶ ሣህሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ አይገቡም፣ አይሄዱም።

«አንቺ የድርጅቱ ሠራተኛ አይደለሽም» አሉ ሊቀመንበሩ። «የማን ልጅ እንደሆንሽም ይታወቃል።»

«ይታወቃል ጓድ ሊቀመንበር። እነዚህ ሁሉ ስማቸውን የሚፈርሙት ግን እኔ ባሳየኋቸው ፊደል ነው። እዚህ አዳራሽ ቆሜ ስንት ቀን ተናግሬያለሁ፤ ዛሬ አንዴ ልናገር።»

«ትናገር!» አለች አንዲት የጎተራ ሠራተኛ፣ ዙቤዳ። ሌሎችም «ትናገር» አሉ።

ተናኘ ወደ ፊት መጣች። ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆማ ሻርፗን ፈታች። ጠባሳው ከአንገቷ ፊት ለፊት እንደ ክር ተጋድሟል። አሰላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየው።

«እንቅርት ነበረብኝ» አለች። «አፍሬ ሸሸግኩ። ኪኒን መዋጥ ነበረብኝ፤ የጾም ጊዜ ካህን መጠየቅ አፍሬ ተውኩ። ሐኪሙ ሲጠይቀኝ አፍሬ ዋሸሁ፤ እሱም አምኖኝ ጨመረልኝ። ልቤ ሲሮጥ ለምን እንደሚሮጥ መጠርጠሬ አልቀረም፤ አፍሬ ፍቅር ነው አልኩ። በዚህ ሁሉ እፍረት መጨረሻ የተሳቀበት እኔ ሳልሆን እሱ ነው። ሆስፒታል ፊቴን ያዞርኩት አንተን ጠልቼ አይደለም ጉደታ፤ ይህን እንዳታይብኝ ነው» ብላ አንገቷን ነካች።

ጉደታ ቀና አላለም።

«ኪኒኑ ነው አልክ። ልክ ነህ። አሁን ግን ሐኪሙ አስተካክሎልኛል። ና፣ እጄን ያዝ። ልቤ አይሮጥም፤ እንደ ማንኛውም ሰው ልብ ነው የሚመታው። በዚህ በረጋ ልብ፣ በዚህ ዝናብ፣ አባቴን አስከትዬ፣ በእግሬ መጣሁ። መሮጡ የኪኒኑ ነበር። መምጣቱ ግን የእኔ ነው።»

ዝናቡ እንኳ ያዳመጠ መሰለ። ጉደታም ቀና ብሎ እጇን ያዘና፣ «ተናኘዬ፣ ከሚጋልብ ልብ ኋላ መሮጥ እንጂ በረጋ ልብ ውስጥ መኖር አላውቅም ነበር። ዛሬ አስተምሪኝ፤ ፊደሉን እንዳስተማርሽኝ፣ ይህንንም ከ"ሀ" ጀምረሽ አስተምሪኝ» አላት።

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ብተወው ያምር ነበር። ግን በወላሂ ጀምሬያለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን የጉደታን ንግግር የፈጠርኳት እኔ ነኝ። የቀረው ሁሉ እውነት ነው፤ እሷን ግን ሦስት ቀን ጎማ እየለጠፍኩ ነው ያሰብኳት። ጉደታ አንድ ቃል አልተናገረም። እጇን ግን አልለቀቀም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀሰና በናፍጣ በቆሸሸ እጁ ፊቱን ሲጠርግ ጥቁር በጥቁር ሆነ። እሷ በሻርፗ ጫፍ ጉንጩን ልትጠርግለት ቀረበች። ከኋላ ማንም አልሳቀም። ሹፌሩ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያገላብጣል፤ ሊቀመንበሩ ወረቀታቸውን ያያሉ፤ እኔ የጫማዬን ጭቃ አያለሁ። ያን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ መሬት መሬቱን ሲያይ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።